«አክስቴ» ያልሽ ቀን

ውድ ለፍላፊት፣

ይህን ስም ያወጡልሽ ምግብ አብሳይዋ ነበሩ፤ እሳቸው ሽንኩርት ሲልጡ አንቺ በጥያቄ ስለምታደርቂያቸው። በሕፃናት ማዕከላችን ካለፉት ልጆች ሁሉ እንዳንቺ ያሰለቸኝ አልነበረም። እንዳንቺ የወደድኩትም የለም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬሽ አላውቅም።

ሴትየዋ ልትወስድሽ የመጣች ቀን ቢሮዬ ቆመሽ ነበር። ጥሩ ለብሳለች፣ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ብላለች፣ ትሕትናዋ ለጉድ ነው። ቅጹን አውጥቼ «ምንሽ ናት?» አልኩሽ።

«አክስቴ» አልሽ።

እኔም «ዝምድና» በሚለው ቦታ «አክስት» ብዬ ሞላሁና ማኅተም መታሁበት።

አንቺ እኮ ሁሉንም ሴት አክስቴ ነበር የምትዪው። ምግብ አብሳይዋም አክስትሽ ነበሩ፣ የዘበኛው ሚስትም፣ እኔም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «የእናትሽ እህት ናት የአባትሽ?» ብዬ አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ግራ ይገባሽ ነበር። አልጨመርኩም። በዚያ ወር ከዘመዱ ጋር ያገናኘነው አንድም ልጅ አልነበረም፣ ሪፖርት የማቀርብበትም ቀን ደርሶ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ለክትትል መጥቼ ሳንኳኳ በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ። እጅሽ በበረኪና ተላልጧል። «ትምህርትስ?» አልኩሽ።

«ልብስ ሳሰጣ፣ ልጆቿ ሲያጠኑ በመስኮት እሰማለሁ» አልሽኝ።

ሴትየዋ ከኋላሽ ሆና «ለትምህርት ጭንቅላት የላትም፣ እቤት ይሻላታል» አለች። እኔም ያቀረብሽልኝን ሻይ ጠጥቼ ተነሣሁ። የአጥሩ በር ላይ ደርሰሽብኝ፣ በሹክሹክታ «ልብሴን ላምጣ?» ስትዪኝ «ቆይ» አልኩሽ። ደስ ብሎሽ ተመለስሽ።

ያ «ቆይ» ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ። ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪዎች እቤት ድረስ ይመጣሉ። መዝገብሽ እጃቸው ገብቷል። ምንሽ ናት ሲሉሽ «የአባቴ ታናሽ እህት» በይ። ትማሪያለሽ ወይ ካሉሽ «አዎ፣ አምስተኛ ክፍል» በይ። ሴትየዋን አነጋግሬያታለሁ፤ ዩኒፎርም አልብሳሽ ትጠብቃቸዋለች። እውነቱን ከተናገርሽ ማዕከሉ ይዘጋል፣ ሠላሳ ልጅ ጎዳና ይወድቃል። በየስብሰባው ስለ ሕፃናት መብት ጉሮሮዬ እስኪነቃ የምሟገተው እኔም ከእንግዲህ የሚሰማኝ አላገኝም። አንቺ ደግሞ አንድ ነሽ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አልቅሻለሁ፤ ግን አልሰረዝኩትም።

ደብዳቤውን ባለሱቁ ይሰጥሻል፣ ሳሙና ልትገዢ ስትመጪ። ለማንም አታሳዪ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ስለሆንኩ፣ ፈጥነሽ ባይሆንም ማንበብ እንደማያቅትሽ አውቃለሁ። ጣትሽን ከቃሉ ሥር እያስኬድሽ፣ «የአባቴ ታናሽ እህት» የሚለውን ሳትደናቀፊ እስክትዪው ድረስ ደጋግመሽ አንብቢ። ከዚያ ቅደጂው።

የምትወድሽ፣
የማዕከሉ ኃላፊ