የአባዬ ግራ መዳፍ

ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክልኝ? ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ ቅባቱ ረዳህ? እንቅልፍህስ? ባለፈው ታናሼ በላከችልኝ ድምፅ ላይ ሁለት ጊዜ ስትስል ሰምቼ ሦስት ቀን ሙሉ እሱኑ ሳሰላስል ሰነበትኩ። እማዬስ እንዴት ናት? ዛሬም መነጽሯን ራሷ ላይ ሰክታ ቤቱን ሙሉ ትፈልገዋለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው። ከናፍቆታችሁና ከአንድ ሌላ ነገር በስተቀር የሚያስጨንቀኝ የለም። ያንን ሌላ ነገር ሳላሽሞነሙን በስሙ እጠራልሃለሁ፤ ቅናት ነው።

ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልህ አውቃለሁ። እማዬ መነጽሯን እስክታገኝ ይመሻል፣ ታናሼም ከሥራ የምትገባው ደክሟት ነው። ስለዚህ አጠገብህ ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚያነበው የታናሼ ባል፣ ልብስ ሰፊው፣ ባለ ሜትሩ ነው። ያንብብ። ስለ እሱ የጻፍኩት ላይ ሲደርስ ግን እንዳይዘለው አደራ በለው። ቢዘልም ታውቅበታለህ፣ ድምፁ ይደናቀፋል።

አባዬ፣ አስራ አንድ ዓመት እኮ ነው! ክለባችን በታችኛው ሊግ ሲንከራተት አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አንተና እኔ ያ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ካርቶን አንጥፈን፣ አንተ ራስህ የበየድከውን የብረት አጥር ተደግፈን አሳለፍን። ዝናብ ሲመጣ አንዷን ላስቲክ ለሁለት እንከናነብ ነበር። መጀመሪያ ዓይንህ ደህና ነበር። ኋላ ኳሷ ደበዘዘችብህ፣ ኋላ ጭራሽ ጠፋችብህ፣ ኋላም ሜዳው ሁሉ ወተት የፈሰሰበት መሰለህ። ሐኪሙ ዕድሜህን ሙሉ ያየኸው የብየዳ ብርሃን ነው ያመጣብህ ሲል እማዬ አለቀሰች። አንተ ግን የጠየቅከው ቅዳሜ ጨዋታ መኖር አለመኖሩን ነበር።

ግራ መዳፍህን የሰጠኸኝ ያን ቅዳሜ ነው። ኳሷ ከምላሴ እየቀደመች ስታስቸግረኝ እጅህን ዘረጋህና እዚህ ላይ አሳዪኝ አልከኝ። የእጅህ አንጓ የኛ ጎል፣ የጣቶችህ ጫፍ የነሱ ጎል፣ አውራ ጣትህ ያለበት ጎን እኛ የተቀመጥንበት ሆነ። ጣቴ ደግሞ ኳሷ ሆነች። ሲቀባበሉ ነካ ነካ፣ ይዘው ሲሮጡ ጫር፣ ሲመቱ ጫን አደርግልህ ነበር። ከአንጓህ ከፍ ብላ ያለችው፣ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለችህ ጠባሳ የፍጹም ቅጣት ምት ቦታ ሆነች። ጣቴን እዚያች ላይ ሳሳርፍ ትንፋሽህን ዋጥ ታደርግ ነበር። ከኋላችን የሚቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ራዲዮ የሚል ስም ያወጣልኝ፣ ጣቴ ሥራ ይዞም አፌ ዝም ስለማይል ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? እኔ ሻንጣዬን ይዤ ለሥራ ባሕር ማዶ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ክለባችን ወደ ትልቁ ሊግ አደገ። ሁለት ወር! አስራ አንድ ዓመት የጠበቀች ሰው ምን በድላ ነው በሁለት ወር የምትቀደመው? የሲሚንቶው ደረጃ ሰማያዊ ወንበር ተተከለበት፣ ወንበሩም ቁጥር ተጻፈበት። ከአንተ በስተግራ ባለው በእኔ ቦታ ላይ የታችኛውን ሊግ አቧራ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ሱሪው እንዳይጨማደድ ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠበት። ይህን ስጽፍ ራሱ እርር ድብን እያልኩ ነው። ታስታውሳለህ አይደል፣ ታናሼን ሊያገባ ሰሞን በረኛ ለምን የተለየ ማሊያ እንደሚለብስ ስትነግረው፣ እኔ እኮ ጨርቁ አንሷቸው መስሎኝ ነበር ያለው ሰው ነው!

እዚህ ልብስ ማጠቢያው ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የአንሶላ ቀን ነው። የሆቴሎቹ አንሶላ በጋሪ ተጭኖ ይመጣል፣ ታጥቦ ሲወጣም እኔ በአንድ ጫፍ፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ በሌላው ጫፍ ይዘን ለመተኮሻው ማሽን እናጎርሰዋለን። ማሽኑ ሙቀቱ ፊት ይጠብሳል፣ ጩኸቱም ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ግን በቆቤ ሥር ማዳመጫ ሰክቼ የኛን ጨዋታ በስልኬ ራዲዮ አዳምጣለሁ። ሴትዮዋ ታውቃለች። አለቃችን ስትመጣ አንሶላውን ጎተት አድርጋ ምልክት ትሰጠኛለች።

ችግሩ ጆሮዬ ሲሰማ ጣቴ ዝም አይልም። በአንሶላና በአንሶላ መካከል ባለችው ጊዜ በራሴ ግራ መዳፍ ላይ ጨዋታውን እጽፈዋለሁ። አለቃችን ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ እጄን የሚያሳክከኝ እየመሰላት ከርማ ኖሯል፤ አንሶላ የሚነካ ሰው እከክ ሊኖርበት አይገባም ብላ ሐኪም ዘንድ ላከችኝ። ሐኪሙ እጄን አገላብጦ አይቶ ምንም የለብሽም አለኝ። ሰው የሚያሳክከው ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ምን ይባላል ብዬ ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። አለቃችን ግን አላመነችም፣ ጓንት ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን በጓንት ላይ ነው የምጽፈው፤ ምንም አይሰማኝም።

አሁን ወደ ክለባችን ልምጣ። ሃያ ሁለት ጨዋታ አድርገን ስድስት አሸነፍን፣ ሰባት አቻ ወጣን፣ ዘጠኝ ተሸነፍን። ከአስራ ስድስት ቡድን አስራ ሦስተኛ ነን። ሦስት ቡድን ይወርዳልና ከወራጅ ቀጠናው አፋፍ ላይ ቆመናል። ታናሼ እንደነገረችኝ ደጋፊው ለሁለት ተከፍሏል። የአውቶቡስ ሾፌሩ አሰልጣኙ ዛሬውኑ ይባረር ይላል፤ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ያሳደገንን ሰው እናባርርና ማንን እናምጣ፣ ለአዲስ መጪ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው ይላል አሉ። እኔን ከጠየቅከኝ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። እስካሁን ያቆየን በረኛው ነው፤ እሱ ባይኖር ገና በመጀመሪያው ዙር መውረዳችን ይለይ ነበር። የግራ ተከላካያችን ወደፊት መሄድ እንጂ መመለስ አያውቅም። አጥቂያችን ሰባት ጎል አስቆጥሮ እንደ ሙሽራ ከተሸለመ ወዲህ እግሩ ታሰረ። ፀጉር አስተካካዩ ግን በእሱ አይጨክንም፣ ፀጉሩን የሚቆርጠው ራሱ ነዋ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ተዘጋጅቼ ስደውል ምን አልከኝ? አማካዮቻችን ሲከላከሉ በመካከላቸው ከሃያ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፣ ኳሱ የሚያልፈው በዚያ ነው፣ ባለ ሜትሩ ለክቶ ነገረኝ አልከኝ። ለክቶ! ከወንበሩ ሳይነሳ! እኔ አስራ አንድ ዓመት አይቼ ያላየሁትን በአንድ ዓመት አይቶ ነገረህ። ሥራ ሄጄ በሚቀጥለው ጨዋታ ሆነ ብዬ የራዲዮውን ጨዋታ አስተላላፊ ሳዳምጠው እሱም ይህንኑ አለ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ሁለት አንሶላ በግልባጩ አጎረስኩ።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሜትሩ አልነበረም፣ መዳፍህ ነበር። በየስልኩ ልጠይቅህ አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። መዳፍህን ሰጠኸው? ጠባሳዋን አሳየኸው? ታናሼንም መጠየቅ አፈርኩ። በሠላሳ አራት ዓመቴ በአባቴ እጅ ቀናሁ ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ ልናገር?

ባለፈው ሳምንት ታናሼ ደስ ይበልሽ ብላ የሁለተኛውን አጋማሽ ድምፅ ከአጠገባችሁ ሆና ቀድታ ላከችልኝ። እሑድ ጠዋት ክፍሌን ቆልፌ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። የደጋፊው ጩኸት፣ የሾፌሩ ስድብ፣ የአንተ ሳል። ከዚያ የእሱ ድምፅ፦ ከመሃል መስመር አስራ አራት ሜትር፣ ወደ ቀኝ ስምንት ሜትር እያለ ይቆጥራል። ኳሷ ከሄደች ቆይታለች፤ እሱ ገና የነበረችበትን ይለካል። ሳልዋሽህ፣ ሳቄ መጣ። ትንሽ ቆይቶ አባባ እጅዎን ይስጡኝ፣ እኔም እንደ እሷ ልሞክር ሲልህ ሰማሁ። አንተም ተወው ልጄ፣ ይሄ እጅ ባለቤት አለው አልከው።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ አባዬ። እዚያች ላይ አቁሜ ወደ ኋላ መለስኩት። ባለቤት አለው። ደግሜ መለስኩት። ሦስት ጊዜ ሰማኋት፤ ወደዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በአራተኛው ማቆሙን ረሳሁትና ድምፁ ቀጠለ።

አንድ ለባዶ እየመራን ነበር። በድንገት ሜዳው ሁሉ ጭጭ አለ። አንተ ለምን ዝም አሉ ትላለህ። ባለ ሜትሩ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን ለማለት ምላሱ ተሳሰረ፤ አስራ አንድ ሜትር፣ አስራ አንድ ሜትር ብቻ ይላል። አንተ ምን ሆነ ትላለህ። ከዚያ ጩኸቱ ፈነዳ፣ ሰዉ ተቃቀፈ፣ ፀጉር አስተካካዩ ያለቅሳል፣ ታናሼ ትጮሃለች፤ በዚያ ሁሉ መሃል ምን ሆነ፣ ንገሩኝ እንጂ፣ ምን ሆነ የሚል ያንተ ድምፅ ይሰማል። በረኛው አዳነው ብሎ በጆሮህ የነገረህ ሰው ሲገኝ ሌላው ደስታውን ጨርሶ ተቀምጧል። ያንተ ገና መጀመሩ ነበር። ብቻህን አጨበጨብክ።

አምስተኛ ጊዜ መስማት አልቻልኩም። ስልኩን ትራሱ ሥር ከትቼ አለቀስኩ። ባለቤት ያልከኝ እኔ ነኝ፤ ባለቤቷ ደግሞ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ባሕር ማዶ ሄደች። ውሌ ሊያልቅ ገና ሃያ ወር ይቀረዋል። ክለባችን የቀረው ስምንት ጨዋታ ነው። ከወረድን ደግሞ በዕድሜህ ተመልሰን እንወጣ አንወጣ ማን ያውቃል? አስራ አንድ ዓመት የጠበቅከውን ነገር ለእኔ ብለህ ከሰው ሁሉ ኋላ ልትሰማው አይገባም።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ እንዳለ ነው።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፣ መነጽሯም ራሷ ላይ ነው በላት። ታናሼን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፣ ድምፁን ስለቀዳችልኝ አመስግናት፤ ምን እንደላከችልኝ አታውቅም። ፀጉር አስተካካዩን ሰላም በልልኝ፣ አጥቂያችንን ካገኘው ፀጉሩን ትቶ እግሩን ይይልን። ሾፌሩንም ሰላም በል፣ አሰልጣኙን ስምንት ጨዋታ ብቻ ይታገሠው።

ከዚህ በኋላ ያለው ለአንተ ነው፣ አንባቢው። ጮክ ብለህ አንብበው፣ አባዬም ይስማ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ የአባዬን ቀኝ መዳፍ ትይዛለህ። ቀኙን ለመያዝ በቀኙ መቀመጥ አለብህና መጀመሪያ ከወንበሬ ትነሳለህ፤ እዚያ ታናሼ ትቀመጥ። አንጓው የኛ ጎል፣ የጣቶቹ ጫፍ የነሱ ነው። ሲቀባበሉ ነካ፣ ሲሮጡ ጫር፣ ሲመቱ ጫን አድርግ። ኳሷ ስትፈጥን ቁጥር አትጥራ፣ ጣትህን ብቻ አስከትል፤ ሜትሩን በእረፍት ሰዓት ትነግረዋለህ፣ እሱ ላይ ከእኔ ትበልጣለህ። ግራውን አትንካ፣ እሱ እስክመጣ ይቆየኛል። ቀኙ ላይ ጠባሳ የለም፤ የፍጹም ቅጣት ምቱን ቦታ ራስህ ለክተህ አግኘው።

ልጅህ፣ ራዲዮ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ፣ ስምንት ጨዋታ ሲቀረን