ዝም ካለ አውርድ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ልጅ አዝለሽ ትሠሪያለሽ? የእማዬ ጉልበት፣ የአባዬ ሳል እንዴት ሆኑ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ፍርሃት ገብቶታል፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ሥራ ያገኘሁ ዕለት በስልክ እልል ያልሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የፎቅ ግንባታ ላይ ዕቃ ገዥና መጋዘን ጠባቂ ነኝ፤ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ሠራተኞቹ ስሜን ትተው "ዲግሪ" ይሉኛል። የመጀመሪያ ሥራዬ ለዎኪቶኪዎቹ፣ ሠራተኞቹ ከሩቅ ለሚነጋገሩባቸው የእጅ ሬዲዮዎች፣ ባትሪ መፈለግ ነበር። ፋብሪካው ያን ዓይነት መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ማንጠልጠያቸው በሽቦ ታስሯል፣ የአንዱ አንቴና በፕላስተር ተጠቅልሏል። ያልዞርኩበት ሱቅ የለም። አንዱ ባለ ሱቅ አገላብጦ አየና "እህቴ፣ እንኳን ባትሪው፣ የሠራውም ሰውዬ በሕይወት የለም" ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ የታሸጉ አገኘሁ። ቻርጀር ላይ ስሰካቸው አረንጓዴ አበሩ። ደስታዬን አትጠይቂኝ!

ለካ አዲሱ ልባሳቸው ብቻ ኖሯል፤ ሆዳቸው ያረጀ ነው። ሲያዳምጡባቸው ይሠራሉ፤ ለመናገር ቁልፉን ሲጫኑት ድርግም ይላሉ።

እዚህ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ክሬን ነጂው ከግድግዳው ኋላ ያለውን አያይም፤ ከታች የቆመው መሪ በዎኪቶኪ ይነግረዋል። መሪው አንዴ "አውርድ" ካለ በኋላ አፉን የሚከፍተው "ቁም" ለማለት ብቻ ነው። ዝም ካለ ደህና ነው ማለት ነው፤ ሸክሙ ይወርዳል። ሐሙስ ዕለት መሪው "ቁም! ቁም!" እያለ ይጮሃል፣ ባትሪው ሞቷል፣ ብረቱ ይወርዳል። እታለም፣ ብረቱ ያረፈው አንዱ ብረት አሳሪ ጎንበስ ብሎበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። እሱ ለጥቂት ዘሎ ወጣ፤ አቧራውን እያራገፈ "አይዞሽ ዲግሪ፣ የኔ ነፍስ ቻርጅ አላት" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

መሪው ሳያቋርጥ ይናገር፣ ድምፁ ከጠፋ ነጂው ያቁም ብዬ ለመንኩ። መሪው "ቀኑን ሙሉ እንደ ጨረታ አጫራች ልለፍልፍ?" አለኝ። ነጂው ደግሞ ፀጉሩ የሸበተው በዚሁ ልማድ እንደሆነ ነገረኝ። ለብረት አሳሪው ሰኞ ክሬኑ ሲሠራ ከግድግዳው ኋላ እንዳይገባ ብነግረው "ታዲያ ልጆቼን አንቺ ታበያቸዋለሽ?" አለ።

ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ባትሪዎቹ ሲናገሩባቸው እንደሚጠፉ ነገርኩት። ሰኞ ከባዱ ግድግዳ በክሬን ስለሚነሳ ያለውን ባትሪ ስጪያቸው አለኝ። አልሰጥም አልኩት። "እንግዲያው መጋዘኑን ለሌላ ሰው ታስረክቢያለሽ" አለኝ።

ሥራዬን ማጣት ያስፈራኛል። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን የሚረከበኝ ሰው ነው፤ አረንጓዴውን መብራት ያያል፣ እንደኔው ያምናል። ስለዚህ ባትሪዎቹን በቦርሳዬ ይዤያቸው ወጣሁ። አሁን አልጋዬ ሥር ናቸው። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኛል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባዬን እግዜር ይማርህ ብላለች በይው። እማዬን ግን ቁጭ አድርገሽ ሁሉንም ንገሪያት፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ልጅሽ ሰረቀች እንዳይላት።

ታናሽ እህትሽ
ከተከራየሁት ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ