ያልታጠበችው ቀይ ቁራጭ

ነሐሴ 12
አያት ልሆን ነው! አያት! ዕቃ እያጠብኩ ልጄ ደወለች። «እማ፣ መጀመሪያ ቁጭ በዪ» አለች። ማን ይቀመጣል? ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ተሰበረ... ይሰበር!

ብርድ ልብስ እሰፋለሁ፤ በቁርጥራጭ ጨርቅ፣ በእጄ። መሐሉ ላይ የባለቤቴ ነጭ ሸሚዝ። ሲሞት ሌላውን ልብሱን ሁሉ ሰጥቼ ያስቀረሁት እሷን ብቻ ነው። እሱ የልጅ ልጁን ባያቅፍ ሸሚዙ ያቅፍለታል።

ጥቅምት 3
ጨርቁን ሁሉ አጠብኩ። መታጠብ ያለበት ከመሰፋቱ በፊት ነው፤ በኋላ ቀለም ቢለቅ ምን ይደረጋል? እያንዳንዷን ለብቻ በሙቅ ውሃ፣ ከዚያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈተግ ፈተግ። ነጩ ነጭ ሆኖ ከቀረ አለፈች። ሰማያዊዋ ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው አለፈች፤ እኔና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብም እንዲሁ ነበርን።

ጎረቤቴን፣ ላውንደሪ የምትሠራውን፣ ጨውና አቼቶ ልጨምር ወይ ብላት ሳቀችብኝ። «እሱ ለሰላጣ ነው! ለቀለም ብዙ ሙቅ ውሃ። ከለቀቀ ግን እንዳይደርቅ። ደርቆ ካውያ ከነካው በቃ፣ አለቀለት።»

ኅዳር 20
የልጄ አማት መጡ። እኔና ልጄ ተደብቀን «ጄኔራሏ» የምንላቸው። ከተዳሩበት ቀሚስ የተቆረጠ ቀይ ጨርቅ ይዘው! እንባዬ መጣ።
«እትዬ፣ ነከር አድርጌ ልስፋው...»
ፊታቸው ጠቆረ። «የኔ ጨርቅ ቆሻሻ ነው?»
«ኧረ በፍጹም!»
«ሠላሳ አራት ዓመት ውሃ ነክቶት አያውቅም። እንዲሁ ስፊው። ቃል ግቢልኝ።»
ገባሁ። ምን ላድርግ? ልጄ የምትኖረው እሳቸው ቤት ነው። ደግሞ ከነጩ ሸሚዝ አጠገብ ካልሆነ አሉ... ሰፋሁት።

ታኅሣሥ 18
ጣቴ ቀላ። መርፌ የወጋኝ መስሎኝ መጠጥኩት... ደም አይደለም። ላቤ ቀዩን ነክቶት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ልፈትነው? እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ቃል ገብቻለሁ። ደግሞ ፈርቻለሁ። ካላየሁት አልለቀቀም ማለት አይደል? ሞኝ!

ጥር 9
አለቀ! እንዴት አማረ! ግን መታጠብ አለበት፤ ላቤ፣ የእርሳስ ምልክቱ... ጨቅላ እንዴት እንዲሁ ይተኛበታል? የልጄ ሐኪም «ለመውለድ ሳምንት አይሞላም» ብላለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀዩን ደጋግሜ አየዋለሁ።

ጥር 10
ጠዋት ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ዞር ብዬ ስመለስ ውሃው ሮዝ። ትንሽ ቆይቶ ቀይ። ቀለሙ ወደ ሸሚዙ እየተሳበ... እንደ ሕያው ነገር። እንዳይደርቅ፣ እንዳይደርቅ... ደፋሁ፣ አፈላሁ፣ ሞላሁ። አራተኛው ሳፋ ቀይ። አምስተኛው ቀይ።

በሩ ተንኳኳ። ጄኔራሏ! ክንዴ እስከ ክርኔ ቀልቷል። ሳፋውን አዩ። ጎንበስ ብለው ውሃውን በጣታቸው ነኩ።
«የሰርጌ ቀን ዝናብ መታኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቀለሙ እግሬ ላይ ወረደ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንደሚለቅ አውቃለሁ።»
«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»
«አፈርኩ። ደግሞ ከልጅ ልጄ ብርድ ልብስ እኔ ብቻ ልቅር?»
ጮህኩባቸው። እኔ! በጄኔራሏ ላይ! «ይሄ እኮ የሱ ሸሚዝ ነው! ሌላ የለኝም!»
«ጩኺ» አሉ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ግን እየጮህሽ ሙቁን ውሃ አምጪ።»

ጥር 11
አሥራ አንደኛው ሳፋ። ጠራ። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈተግነው፤ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሸሚዙ ግን አንገቱ ጋ ሮዝ ጥላ ይዟል። እሱ አልወጣም። አይወጣም።
ልጄ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ጠያቂ አያስገቡም፣ ስልኳም አይነሳም። ለምን አይነሳም?

ጥር 12
አሁንም አይነሳም። ጄኔራሏ አጠገቤ ናቸው። ሁለታችንም ሮዙን ጥላ እናያለን።

ጥር 14
ሴት! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ! አስቸግራ፣ ሐኪሞቹን አስሩጣ... ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። ተመስገን። ብርድ ልብሱን ራሴ አለበስኳት። ሮዙ ጉንጯ ሥር ነው። በሚቀጥለው ሲታጠብ ምን ይመጣ ይሆን? አላውቅም። ዛሬ አልጠይቅም።

ጄኔራሏ እዚሁ ሳሎን ስልክ ይዛ ትጮሃለች። አዎ፣ «ትጮሃለች»፤ አንቱታውን ተዪው ብላኛለች፣ አብረን ክንዳችንን አቅልተን ምን አንቱ አለ ብላ። ለዘመድ አዝማዱ ትእዛዝ እያስተላለፈች ነው፦ «ለአራስ ጥየቃ አልመጣም የሚል እንዳይኖር! እሑድ፣ ጥር 28፣ ከሰዓት፣ ሁላችሁም!»