በመልካም ምኞት ስለተበላሸችው መኪናችን

ለክቡር ኢንጂነር ክራሲሚር ትሬንዳፊሎቭ
የአውራጃው የተሽከርካሪዎች ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለሠራተኞችዎና በተለይም ለመመርመሪያ ኮምፒውተርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ የጎርኖ ብሬስቴ ሰዎች፣ ከባለቤቴ ከቬሊችካ ኩላሊቶች በስተቀር፣ ደህና ነን። ከዚህ ቀደም አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ እንደተቀመጡ ከጸሐፊዎ ስለሰማሁ፣ ይህኛውን ለመክፈት እንዳይደክሙ በማሰብ ቅጂው በአውራጃችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አድርጌያለሁ። ዋናው ግን እንደ ሥርዓቱ በሪኮማንዴ፣ በአደራ ፖስታ፣ ይደርስዎታል።

እኔ ነድያልኮ ካቡሮቭ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የቀድሞ ኃላፊ ነኝ። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ለማድረግ ተራራውን ተሻግራ ከተማው ሆስፒታል መድረስ አለባት። «አለባት» ስል እንደ መመሪያዎችዎ ማለቴ አይደለም፤ ካልደረሰች ትሞታለች ማለቴ ነው። ሕመምተኞችን የሚያመላልሰው ሚኒባስ ሲቀር፣ የግል መኪና ያለው በግል መኪናው ይሂድ ተባለ። እኛም ነበረችን፤ አርጅታለች እንጂ አልከዳችንም ነበር። ከበልግ ወዲህ ግን አቀበቱን ስንጀምር ቢጫ መብራት ታበራለች፣ የነዳጅ ፔዳሉን ብረግጥ ብረግጥ ሞተሩ አይታዘዝልኝም፣ ከዚያ እንደታመመች በቅሎ እያነከሰች በእግረኛ ፍጥነት ትሄዳለች። ይህን በተመለከተ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በቁጥር ለይቼ ማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ። መኪናዋን ይዤ በመጣሁ ጊዜ ኮምፒውተርዎ አንዳችም ጥፋት እንዳላገኘ ሲገልጹልኝ የተሰማኝን ደስታ መርሳት አልችልም። በውጤቱም ላይ በገዛ እጅዎ «የአሽከርካሪው ቀኝ እግር ቢመረመር» ብለው ጻፉ። ከአለቃ የመጣ ቃል ነውና ሄጄ አስመረመርኩ። እግሬ ጤነኛ ነው፤ የሐኪሙ ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ሁለተኛ። ፍትሕ እንዳላጎድል፣ ኮምፒውተርዎ አልዋሸም፤ የሚነግረው አልነበረም እንጂ። የመንደራችን መካኒክ ራንጌል በትራክተር ያደገ ሰው ነው፤ የሚለውጠውም የተበላሸውን ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ነው። ባትሪ ነበረው፣ ባትሪ ለወጠ፤ ካንዴላ ነበረው፣ ካንዴላ ለወጠ፤ ከሞተች መኪና የተረፈ ፔዳልም ስለነበረው እሱንም ገጠመልን። ማታ ማታ ደግሞ የባትሪውን ገመድ ይፈታ ነበር። ለምን ስለው «እሷስ ሰው አይደለችም እንዴ? ማታ እንኳ ትረፍ እንጂ!» ይለኛል። መኪናዋ የመዘገበችው ጥፋት ሁሉ ገመዱ በተፈታ ቁጥር እንደሚጠፋ፣ እርስዎ ዘንድም ባዶ አእምሮ ይዛ እንደቀረበች የገባን ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛ። የጥፋቱ ምክንያት የተገኘው ጽሕፈት ቤትዎ ጤነኛ ብሎ በሸኛት መኪና ውስጥ፣ በተራራው አናት ላይ፣ በረዶ ውስጥ ቆመን ስለሆነ የዚህም ምስጋና የእርስዎ ነው። ቬሊችካ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለች፣ «ነድያልኮ፣ ይቺ መኪና የምትታመመው እኔ ስሳፈርባት ብቻ ነው» አለችኝ።

«እንግዲህ አንቺ ደግሞ!»

«አንቺ ደግሞ አትበለኝ፤ ለእንጨት ስትሄድ ቆማብህ ታውቃለች?»

አታውቅም።

«ለምርመራ ስትወስዳትስ?»

እሱንም አታውቅም። ተያየን። ከዚያ ባለቤቴ ፊቷን በእጇ ሸፍና «ወይኔ እማዬ!» አለች፤ መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ትስቅ ኖሯል።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ለከባድ ጉዳይ ከቤት ሲወጣ መንገዱ እንደ ውሃ ይቅናለት ተብሎ ከፊቱ ውሃ እንደሚፈስ ለእርስዎ አልነግርም፤ እናትዎ ለመጀመሪያ ፈተናዎ ሲሄዱ አፍስሰውልዎ ይሆናል። አማቴ እማማ ኔራንዛ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ደረጃ መውረድ ስላልቻሉ ልጃቸውን የሚሸኙት ከሰገነቱ ላይ ሆነው በመዳብ ማንቆርቆሪያ ነው፤ መኪናዋም የምትቆመው ከሰገነቱ ሥር ነው። ከኮፈኑ በታች የክብሪት ሳጥን የምታህል ጥቁር ዕቃ አለች፤ ሪሌ ትባላለች። በእኛ መኪና ፔዳሉና ሞተሩ በገመድ ስላልተያያዙ፣ ነዳጅ ለሚሰጠው ክፍል ኤሌክትሪክ የምትለቅለት እሷ ናት፤ እሷ ካኮረፈች እግር ብቻውን ይረግጣል። ውሃው በኮፈኑ ስንጥቅ ገብቶ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር። በማግሥቱ ይደርቃል፣ መኪናዋም ትድናለች። እኔ ብቻዬን ስወጣ የማይበላሸው ለምን እንደሆነ ከጠየቁኝ፣ አማቴ ለእኔ ውሃ አፍስሰው አያውቁም፤ በሠርጌም ዕለት አላፈሰሱም።

በዚያ ቀን የበረዶ ጠራጊውን መኪና መንገድ ስለዘጋን ትራፊክ ፖሊሱ ታርጋችንን ፈትቶ ወሰደ፤ ያለ እርስዎ ፊርማ እንደማይመለስም በትህትና ነገረን። ቬሊችካን ጠራጊው አሳፍሮ አደረሳት።

አራተኛ፣ ይህም ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ራንጌል ሪሌዋ የተሰካችበትን ሳጥን ሲከፍት እግሮቿ በዝገት አረንጓዴ ሆነው ተገኙ። ለመሞከር የጥሩምባውን ሪሌ ነቅሎ በቦታዋ ሰካ፤ ጥሩምባው ዝም አለ፣ ሞተሩ ግን ለእግሬ ታዘዘ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አቀፍኩት። አዲስ ሪሌ ተገጠመላት፣ መሰኪያዎቹም ተጠረጉ። የቀረው አማቴን መለመን ነበር። ውሃውን እንዲተዉት ብንለምናቸው ወይ ፍንክች! «ልጄን በደረቅ መንገድ አልሸኝም» አሉ። «ሐኪሞቹ የሚያውቁትን ያድርጉ፤ እኔም የማውቀውን አደርጋለሁ። እሷ አንድ ነገር ብትሆን ውሃ የነፈግኳት እኔ ልባል ነው?» ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይንገራቸው፤ እኔ አልቻልኩም። መኪናዋን ከሰገነቱ ሥር እንዳላርቃት ግቢው ጠባብ ነው፤ ውጭ ባቆማት በረዶ ይቀብራታል። ስለዚህ ራንጌል የእርጎ ባልዲ ቆርጦ ለሪሌዋ ሳጥን ክዳን ሠራላት። እማማ ኔራንዛ እንደ ልባቸው አፈሰሱ፣ እኔም ታርጋ በሌላት መኪና እስከ መንደሩ ዳርቻ አቀበቱን ወጣሁ (ለዚህ ጥፋቴ ቅጣቱን በደስታ እቀበላለሁ)፤ አንዴም አላነከሰችም።

ይህን ሁሉ ሳልዋሽ ለጽሕፈት ቤትዎ አስረዳሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መልካም ልጅ ናት። «አባባ፣ ምክንያቱን ከዝርዝሩ ነው የምመርጠው» አለችኝ፤ «ውሃ ማፍሰስ የሚል የለኝም። ውሃ ያለው ጎርፍ ሥር ነው፤ ጎርፍ ልበልልዎ?» በይ አልኳት። ለካ ጎርፍ የማዘጋጃ ቤት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ከንቲባችን ዘንድ ሄድኩ። «ነድያልኮ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ጎርፍ መጣ ብዬ ልፈርም? አገር ይሳቅብኝ?» አለኝ። አልፈርድበትም። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ፤ ጤነኛ እግር መሆኑን አስቀድሜ ማስመርመሬ በጀኝ።

በመጨረሻ መኪናዋን በትራክተር አስጎትቼ ሳመጣት እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወርደው ኮፈኑን አስከፈቱ። ያን ያህል መድከምዎ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእርጎ ባልዲ ነው፣ ጌታዬ።»

«ያልተፈቀደ ማሻሻያ ነው። ይነሳ።»

ብለው ተመለሱ። እንግዲህ ክዳኑን እንዳላነሳ ውሃው ይገባል፤ ውሃው ይቅር እንዳልል አማቴ አሉ፤ ክዳኑ እንዲቆይ እንዳልለምን እርስዎ አሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ኖሯል፤ የኔዋ እንዲያውም በሰማይ አይደለችም፣ በየማለዳው ከመስኮቴ ሥር አያታለሁ።

አምስተኛ። አምስተኛውን በማሾፍ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለቤቴ በሰው መኪና እየተለመነላት ትሄዳለች፤ ዘግይታ ስትደርስ የዘገየችበት ከእጥበቷ ሰዓት ላይ ይቀነሳል፤ ከእሷ በኋላ ማሽኑን የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ አለና። ማታ እግሯ ያብጣል። ትናንት የኔን ጫማ አድርጋ ወጣች። ዋና ነርሷ ለብቻዬ ጠርታኝ «አቶ ካቡሮቭ፣ እንዲህ ከቀጠለ አትችልም» አለችኝ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ዕድሜዬን ሙሉ መጻሕፍት ሳገላብጥ ኖሬ ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ አላገኘሁም። ሪሌዋ ትሠራለች፣ ሞተሩ ይታዘዛል፣ ነዳጅ ሞልቻለሁ፤ እኔ ግን ከሰገነቱ ሥር ቆሜ ባለቤቴ በሌላ ሰው መኪና ስትሄድ እጄን አወዛውዝላታለሁ።

የምለምነው አንድ ፊርማ ነው። በዝርዝርዎ ላይ «የእናት ምርቃት» የሚል አዲስ መስመር እንዲከፈት አልጠይቅም፤ ለዚያ ከዋና ከተማ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። ጎርፍም ይበሉት፣ ዕድሜም ይበሉት፣ ከፈለጉ የኔ እግር ይበሉት።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዝርዝርዎ ሙላት፣ ለእርስዎም በማናቸውም አቀበት ላይ የሚታዘዝ ሞተር እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣
ነድያልኮ ካቡሮቭ
ታርጋ የሌላት ጤነኛ መኪናና ምርመራ ያለፈ ቀኝ እግር ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ በአሁኑ ጊዜ ቬሊችካን ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት ፖስተኛው ሚንቾ ነው፤ ከኋላ ወንበር በጥቅሎቹ መካከል ያስቀምጣታል። መንገዱ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፤ ሪኮማንዴ ደብዳቤም ተቀባዩ ሳይፈርም ጥሎ መሄድ እንደማይፈቀድለት ያውቃሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ይዞ በርዎ ላይ ሲቆም፣ እባክዎን ቢያንስ ለዚህኛው ቶሎ ይፈርሙለት፤ ባለቤቴ ታች መኪናው ውስጥ እየጠበቀች ነው።