በቀዩ ሽፋን ውስጥ የደበቅክልኝ ሸክላ

ውድ ሶልዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ሐዘኑ እጄን ይዞኝ ብቻ አይደለም፤ አፍሬህም ነው። አንድ ጥፋት አጥፍቼ ነበርና ሳላስተካክለው ብዕር ማንሳት አቃተኝ። አሁን ልንገርህ፤ አንተም እንደ ልማድህ እስክጨርስ ታገሠኝ። የሙዚቃ ሸክላዎችህን ሰጠኋቸው። ሁሉንም አይደለም፣ ግማሹን። ከሰጠኋቸው መሃል አንዱ ለእኔ ብለህ ያሠራኸው መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራህ። ሰፈራችን ቡርንስቪል እንደተውካት ናት። ከበላያችን የነበሩት ሰዎች ለቀው ሌሎች ገቡ፤ እነዚህኞቹ ደግሞ ውሻ አላቸው። ብሌን ያው ሚኒያፖሊስ ነው የምትኖረው፤ እሑድ ከቸርች ስመለስ ትጠብቀኝና ምሳ አብረን እንበላለን። አሁንም ልጅህ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ስለ አንተ ስታወራ ብቻ አማርኛዋ ይመጣል። መኪናህን እኔ እየነዳኋት ነው። ሬዲዮዋን አንተ የተውክበት ጣቢያ ላይ አገኘሁት፣ ያው የካንትሪ ዘፈን ጣቢያህ ላይ። መጀመሪያ ሰሞን አጠፋው ነበር፤ አሁን ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ።

በዚህ ጣቢያ ስንቴ እንደተጨቃጨቅን ትዝ ይልሃል? እኔ ስለ ፒካፕ መኪናና ጥላው ስለሄደች ሴት ይሄ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው እልሃለሁ። አንተ ደግሞ የሚኒሶታ ሰው ቤቱ ቢቃጠልበት እንኳ ደህና ነኝ እንደሚል፣ እውነቱን የሚናገረው ዘፈን ውስጥ ብቻ እንደሆነ ታስረዳኛለህ። አስተያየት የሌለህ ነገር አልነበረም። አሜሪካኖች ኮንሰርት ላይ ለማንም ለምንም ብድግ ብለው ማጨብጨባቸው ያስቅሃል። ከሁሉ አብልጠህ የምትጠላው ግን መጨረሻው ቀስ እያለ የሚጠፋ ዘፈን ነበር። ሳይሰናበት ሹልክ ብሎ እንደሚወጣ እንግዳ ነው ትል ነበር። ሙዚቃ ሲያልቅ ማለቁ ይታወቅ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ሲያስል ይሰማ ትላለህ።

አንተ ራስህ ግን እንደዚያው አደረግከኝ። ጠዋት ቁርስህን በልተህ ወጣህ፣ ከሰዓት ከሥራ ቦታህ ከኢገን ተደወለልኝ፤ ከሥራ ወጥተህ መኪናህ ውስጥ እንደተቀመጥክ ልብህ ቆሞ ነበር። ለዚህ ይቅር ያልኩህ በቅርቡ ነው። እንዴት ይቅር እንዳልኩህም ለመንገር ነው የምጽፈው።

እኔ በመዝሙር ያደግሁ ሰው ነኝ። ዘፈን ከቤታችን በር አልፎ አያውቅም ነበር። አንተም ከዚያው ቸርች ነው የወጣኸው፤ ጆሮህ ግን ከማንም ጋር ይስማማ ነበር። የተገናኘንበትን ቀን አስበው። አዲስ አበባ፣ የቸርቻችን አዳራሽ፣ የወጣት መዘምራን ኳየር። አንተ ከጎን ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቴፑን ይዘህ መዝሙሩን በካሴት ትቀዳለህ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እንድዘምር ተደርጌ ከፊት ቆሜአለሁ። ስጨርስ ሰዉ እንደ ደንቡ አሜን አለ። አንተ ግን አጨበጨብክ። በዚያን ጊዜ በእኛ ቸርች ክብሩ ለዘማሪ እንዳይሆን ተብሎ እንደ ቴአትር ቤት ማጨብጨብ ነውር ነበር። አዳራሹ በሙሉ ወደ አንተ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ሲገሥጹህ ቸርች ውስጥ መሆንህን እንደረሳህ ነገርካቸው አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አዋረደኝ ብዬ ሦስት ሳምንት ሰላም አላልኩህም። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፣ በትዳር ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ትንሽ ነበር የቀረን።

እዚህ አገር መጥተን ሸክላ መሰብሰብ ስትጀምር ይተወዋል ብዬ ታገሥኩ። አልተውከውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርስህን ሳትጨርስ ከስኔሊንግ አቨኒው ገባ ብላ ያለችው የሸክላ ሱቅ ትሄዳለህ። ሁልጊዜም ነይ እንሂድ ትለኛለህ፣ ሁልጊዜም ልብስ አጥባለሁ እልሃለሁ። አንድ በጋ ብቻ ሐይቁ ዳር ወዳለው የፓርክ ኮንሰርት ጎትተህ ወሰድከኝ። ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን አስቀድሞ አምጥቶ ደርድሮ ሄዷል፣ ማንም የማንንም አልነካም፤ አንተ ከሙዚቃው በፊት በዚህ ነው የተደነቅከው። ሲጀመር እነሱ በአንገታቸው ሲነቀንቁ አንተ በትከሻህ ተነሣህ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ አስተምረኝ ብላህ ስትፍጨረጨር፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ሐይቁን አይ ነበር፤ አላውቀውም ለማለት። ስንት ጊዜ በዚያ ቀን ተጸጽቼአለሁ መሰለህ።

ቤት ውስጥ ግን ታከብረኝ ነበር፣ ይሄን አልክድህም። እኔ ካለሁ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ አድርገህ ነው የምትሰማው። ረቡዕ የቤት ኅብረቱ ለጸሎት እኛ ጋ ሲሰበሰብ ደግሞ የመዝሙር ሽፋን ያላቸውን ሸክላዎች ከፊት ትደረድራለህ፣ የጥቁሮቹን የቸርች ኳየሮች፣ ነጭ ጋዋን የለበሱትን። አንድ ረቡዕ ጋሽ ታደሰ፣ የኅብረታችን መሪ፣ አንዱን አንሥተው አገላብጠው እንዲህ ያለ ጆሮ ጌታ ይባርከው ሲሉህ አንገትህን ሰብረህ አሜን አልክ። እኔ ትሕትና መስሎኝ። ለካ ሳቅህን እየዋጥክ ነበር።

ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ የቸርች እህቶች መጥተው ቤቱን ሲያግዙኝ ያ ሁሉ ሸክላ ምን ይሁን የሚል ነገር ተነሣ። ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴ ነኝ የወሰንኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ በሽፋናቸው ለየኋቸው። መዝሙር ወደዚህ፣ ዘፈን ወደዚያ። መዝሙሩ ይቀመጥ፣ ዘፈኑ ይሂድ። አንተን ላለመጣል፣ እኔም ኅሊናዬን ላለመጣል ያገኘሁት ዘዴ ይሄ ነበር፤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ካርቶኖቹን መኪናህ ላይ ጭኜ ሱቅህ ወሰድኳቸው። ሽበት ያለውን ፀጉሩን ከኋላ የሚያስረው ባለ ሱቅ የማን እንደሆኑ ገና ሳልነግረው አወቀ። እጁን የላይኛው ሸክላ ላይ አድርጎ መቼ ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወንበር አመጣልኝ፣ አልቀመጥም ብዬ ወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ነው፣ ብሌን የአባዬን መዝሙር ልስማ ብላ ከቀሩት አንዱን አስቀመጠች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የኳየር ድምፅ ስጠብቅ ሳክስፎን ተነሣ። ሌላውን አወጣን፤ ኤሌክትሪክ ጊታር። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰውዬ ልቤን ሰበርሺው እያለ ይጮሃል። ሶልዬ፣ አንተ ሌባ! ነጩ ጋዋን ያለበት ሽፋን ውስጥ ያለው ሁሉ ዘፈን ነበር። ማጫወቻው አጠገብ ያለ ሐሳብ እንዲቀመጡ ብለህ ሽፋን ቀያይረህባቸዋል። ከሞትክ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ብሌን ግን አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ቆመችና

«ማሚ፣ ቀዩ ከቨር የት አለ? ፕሊዝ ሰጠሁት እንዳትዪኝ» አለችኝ።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ያን የአዳራሹን ካሴት እነዚህን ሁሉ ዓመታት ይዘኸው ኖረሃል። ሚኒያፖሊስ አንድ አንድ ሸክላ እያተመ የሚሰጥ ሰው ፈልገህ፣ ብሌንን ይዘህ ሄደህ፣ የእኔን መዝሙር በሸክላ አሳትመሃል። ለሠላሳ ዓመታችን ልትሰጠኝ ነበር። እስከዚያ የምትደብቅበት ቦታ ስትፈልግም እኔ የዘፈን ሽፋን በእጄ እንደማልነካ ስለምታውቅ ጥሩምባ የያዘ ሰው ያለበት ቀይ ሽፋን ውስጥ ከተትከው። አላገኘሁትም፣ እውነትህን ነው። ነካሁት፣ አነሣሁት፣ ካርቶን ውስጥ ጣልኩት።

በማግሥቱ ሱቁ ስሄድ ቀዩ ሽፋን ተሸጧል። ባለ ሱቁ ለማን እንደሸጠው አላስታወሰም፤ እኔ እንደነገርኩት በወረቀት ጽፎ ከበሩ አጠገብ ለጠፈልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜዬ ያንተ ቅዳሜ ሆነ። ምናልባት ገዢው መልሶ አምጥቶት ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ቢሆንስ እያልኩ ሣጥን በሣጥን እፈልጋለሁ። ጣቴ ለመደ፤ እንዳንተ በሁለት ጣት ወደ ፊት መገልበጥ ቻልኩ። ሰዎች ክንዴን ሲነኩኝ «ኦፕ» ብለው ይቅርታ ይጠይቁኛል፣ እኔም «ኦፕ» ማለት ጀመርኩ። ባለ ሱቁ የሚያጫውተውን እየሰማሁ ይሄ ደህና ነው፣ ይሄስ ይጮሃል እላለሁ በልቤ። አንድ ቀን ዘፈኑ መጨረሻው ቀስ እያለ ሲጠፋ ደሜ ፈላ። ያንጊዜ ካንተ ጋር አንድም ቅዳሜ አለመምጣቴ ቆጨኝና ሣጥኑ ላይ አጎንብሼ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ሶፍት አቀበለኝና ፍለጋውን ቀጠለ።

ሰባተኛው ቅዳሜ ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ቀዩን ሽፋን በጨርቅ ቦርሳ ይዛ መጣች። ወረቀቱን አንብባ ኖሯል። የገዛችው ለሽፋኑ ብላ ነው፤ ጃዝ ስትጠብቅ በማታውቀው ቋንቋ የምትዘምር ልጅ አገኘች። ዘማሪዋ እኔ ነኝ ስላት ፊቴን ብዙ አየችው። እንዳትመልሰው ልቧ አመንትቶ እንደነበር አልደበቀችኝም። ባለ ሱቁ ቅያሪ ምረጪ ቢላትም እምቢ አለችው። ልትወጣ ስትል ግን ዞር ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«መጨረሻ ላይ የሚያጨበጭበው ሰውዬ ማነው? ለምንስ አቆመ?»

የሣጥኑን ጠርዝ ያዝኩ። ባሌ ነው አልኳት።

እቤት ስደርስ ብሌን ቀድማኝ ነበር። የማጫወቻውን መርፌ እሷ አስቀመጠችው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፄን ሰማሁ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ መንቀጥቀጤ ያስታውቃል። ብሌን በጆሮዬ እንዳለችኝ የሚያትመው ሰውዬ መጨረሻውን ቀስ አድርጌ ላጥፋው ብሎህ ነበር፤ አንተ ግን አንዲት ነገር እንዳይነካ ብለህ ድርቅ አልክ። መዝሙሩ አለቀ። አሜን ተባለ። ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ ሰው አሳለ። ከዚያ እጆችህ መጡ።

ፎቶህ ሞልቷል፤ ድምፅህን ግን ቅረጹኝ ብለህ ስለማታውቅ ከስልክ መልእክት በቀር ምንም የለኝም ነበር። አሁን እጆችህ አሉኝ፤ ሳትሰናበት መሄድህን ይቅር ያልኩህም ያኔ ነው። እኔኮ በልቤ ያ ጭብጨባ ማለቂያ የሌለው፣ የአዳራሹን ጣሪያ የነቀነቀ ነበር። አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱ የልብህ ናቸው፤ አራተኛው ላይ ሰው እንደዞረብህ ታውቆህ እጅህ መሃል ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማል። ሶልዬ፣ ለአራት ጭብጨባ ነው ሦስት ሳምንት ያኮረፍኩህ።

ዘፈኑን ስለ መስማት ከጌታ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው፤ አንተ አትቸኩል። ነጩ ጋዋን ያለባቸው ሸክላዎችህ ግን የትም አይሄዱም፣ ረቡዕም ከፊት ይደረደራሉ፤ ጋሽ ታደሰ ሲባርኳቸው አሜን የምለው እኔ ነኝ። ቅዳሜም ሱቅህ እሄዳለሁ። የሠርጋችን ቀን በመጣ ቁጥር ደግሞ ቀዩን ሽፋን አወጣለሁ፤ እጄ መርፌ ማስቀመጥ እስከቻለ ድረስ አልረሳህም።

ሸክላውን መጀመሪያ የሰማንበት ዕለት ያደረግሁትን ልንገርህና ላብቃ። አራተኛው ጭብጨባህ ላይ ስትቆም፣ ብሌን እያየችኝ፣ ከወንበሬ ብድግ አልኩና አምስተኛውን እኔ ቀጠልኩልህ።

ያንተዋ ገነት