ይቅርብኝ ያልኩ ለታ

ማክ. ኅዳር 3፣ ረፋድ 4፡00
ስድስት ዩኒፎርም ቆርጫለሁ። ኪስ ይቀራል። ሰይድ ከስፌት ቤቴ ጎን ካለው የቀለም ሱቁ ሻይና ሳምቡሳ ይዞልኝ መጣ። እንደ ልማዴ፣ በልቻለሁ አልኩት። ደብተሬ፣ አልበላሁም። ከትናንት ማታ ጀምሮ።

ሐሙ. ኅዳር 5፣ ከሰዓት 10፡00
ሰይድ ጠየቀኝ። አቀርቅሮ፣ መቀሴን እያየ፣ ሽማግሌ ልላክ ወይ አለኝ። አፌ ቀደመኝ፤ አይ፣ ይቅርብኝ። እሺ ብሎ ወጣ። በቃ። ሰው እንዴት አንዴ እንኳ በሞቴ ሳይል ይሄዳል? ተናደድኩበት። ቆይቼ በራሴ ተናደድኩ። እሱ ምን ያድርግ? እምቢ ያለውን ሰው አይጨቀጭቅም። ለዚሁ ነው የወደድኩት። ወደድኩት አልኩ? እንጃ።

ዓር. ኅዳር 6፣ ማታ
ውጫሌ እማ ዘንድ ውዬ መጣሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ስትልከኝ በር ላይ ይዛ ታስጠናኝ ነበር፤ ቢሰጡሽ ጠግቤያለሁ በይ። ምሳ በሌለበት ቀን ጭምር። የሰው እንጀራ እያየሁ ምራቄን ውጬ እመለስ ነበር። ለምን እንደዚያ አደረግሽኝ አልኳት። "ወላሂ ልጄ፣ ድሃ ይበሉን፣ ለማኝ ግን እንዳይሉሽ ብዬ ነው" አለች። ልወቅሳት ሄጄ እግሯን አሽቼላት መጣሁ። አዘንኩላት? ተቀየምኳት? ሁለቱም። የሰይድን ነገር አልነገርኳትም።

እሑ. ኅዳር 8
ሰይድ ሰላም ብሎኝ አለፈ። እንደ ማንኛውም ሰው። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አለቀስኩ። እውነት እፈልገዋለሁ ወይስ ስለሄደብኝ ነው? መፈለግ እንዴት እንደሚታወቅ ማንን ልጠይቅ? አለመፈለግን ነው ተምሬ ያደግኩት።

ሰኞ ኅዳር 9፣ ጠዋት 2፡15
ሰይድ ሱቁን ሊያስረክብ ነው አሉ። ድሮ ይሠራበት ወደነበረው ጅዳ ሊመለስ። ደንበኛዬ እንደ ዋዛ ነገረችኝ። እኔ የስፌት መኪናዬን ተደግፌ ቀረሁ።

2፡40
ሴት ልጅ ራሷ ሄዳ ሽማግሌ ላክ አትልም። አውቃለሁ። ይበሉኝ የሚሉትን። "እፈልጋለሁ" የምትለዋን ቃል በሬን ዘግቼ ለብቻዬ ሞከርኳት። የኔ ድምፅ አልመሰለኝም። ደግሜ አልኳት። አሁን የሱቁን በር ሲከፍት ይሰማኛል። እየሄድኩ ነው፣ ደብተሬ። ካልሰማኝ፣ ሳይጠይቀኝ ሁለቴም እፈልጋለሁ እላለሁ፣ ሦስቴም…