ፓስዎርዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ኸይሩ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ስኳሩስ? ባለፈው እግሬን ይደነዝዘኛል ብለውኝ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሄደው አሳዩት ወይስ እንደ ልማድዎ ያልፋል ብለው ተዉት? የእናቴ ጉልበት ተሻላት? ሰብሪና ፈተናውን እንዴት አደረገችው? አሚርስ ሥራ አገኘ? እኔ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽዎ አልችልም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት አውርቼ ዘጋሁት። ድምፅዎን ስሰማ አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ስለዚህ በወረቀት አድርጌ ለከሊል ሰጠሁት። ከሊል ከበርበራ ወደብ ዕቃ የሚጭን ያገራችን ልጅ ነው፤ በእጅዎ ያደርስልዎታል። «ሀሲና ሐርጌሳ ላይ ሰርቃ ተባረረች» የሚል ወሬ ኮምቦልቻ መድረሱን የነገረኝም እሱ ነው። አባባ፣ አልሰረቅሁም። ከሥራ መባረሬ ግን እውነት ነው፤ ማጥፋቴም እውነት ነው። ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው።

የምሠራው ሐጂ ዋርሳሜ የሚባሉ መድኃኒት አስመጪ ዘንድ እንደነበር ያውቃሉ። ሱቃቸው ትልቁ ገበያ ውስጥ ስለነበር ገበያው በተቃጠለ ጊዜ አንድ ካርቶን እንኳ አላተረፉም። እንደገና ሲጀምሩ አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራዩ፤ አንዱን ቢሮ፣ አንዱን መጋዘን አደረጉ። እንግሊዝኛ የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈልጉም እኔን ቀጠሩኝ። ከሕንድ የምናስመጣው ዋናው መድኃኒት ኢንሱሊን ነው፤ እርስዎ ጧትና ማታ የሚወጉት። ትዕዛዙም፣ የአውሮፕላኑ ቀንም፣ የባንኩ ጉዳይም ሁሉ የሚያልቀው በኢሜይል ነበር። ኢሜይሉ ደግሞ በእኔ እጅ ነበር።

ከረመዳን በኋላ ካሂን የሚባል ሰው ቢሯችን መጣ። ናይሮቢ ተምሮ የተመለሰ፣ እዚያው መንገድ ላይ ትንሽ ቢሮ የከፈተ ሰው ነው። የሚሸጠው መከላከያ ነው፤ የሐሰት ኢሜይል የሚያጣራ፣ የዋትሳፕ መልእክት እንዳይጠለፍ የሚያደርግ፣ አደገኛ ድረ ገጽ የሚዘጋ። መንገዱን ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ከሐዋላ ቤቶችና ከእርዳታ ድርጅቶች በቀር የሚገዛው እንዳላገኘ ሳይደብቅ ነገረን። ሐጂ ሰሙትና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሁለት ቀይ የእሳት ማጥፊያዎች አሳዩት። «እኔ ያቃጠለኝን አውቀዋለሁ፤ ለእሱ ተዘጋጅቻለሁ» አሉት። የዚያን ጊዜ ነጋዴው ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ብረት በርና ዘበኛ ይገዛል፣ የማይታይ ነገር አይገዛም።

ካሂን ወደ እኔ ዞሮ አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ለሐጂ፣ መድኃኒቱን የሚልክልንን የሕንዱን ድርጅት ጸሐፊ አጻጻፍ ጠንቅቄ እንደማውቅ፣ ሌላ ሰው ቢጽፍልን በአንድ መስመር እንደምለየው ነገርኳቸው። ሐጂ ሳቁ። ካሂን ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ወጣ። ያን ንግግሬን አሁን ሳስበው ያመኛል።

በመስከረም አንድ ረቡዕ፣ ከዙህር በፊት፣ ከዚያው ከሕንዱ ጸሐፊ አድራሻ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰኝ። አዲሱን የዋጋ ዝርዝር ለማየት እዚህ ጋ ተጫኚ ይላል። ስጫነው የኛን ኢሜይል መግቢያ የሚመስል ገጽ ተከፈተና ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ጻፍኩት። ዝርዝር የሚባል ነገር አልመጣም፤ ገጹ ባዶ ሆነ። ልቤ ትንሽ ደንገጥ ብሎ ነበር፣ ግን ኔትወርኩ ነው ብዬ ወደ ሶላት ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ የማናውቀው ሰው ደብዳቤዎቻችንን ሲያነብ ከርሟል። በአራተኛው ሳምንት «ባንካችንን ቀይረናልና የዚህን ጊዜ ክፍያ ወደዚህ አዲስ ሒሳብ ላኩ» የሚል ኢሜይል መጣ። አጻጻፉ ያው የጸሐፊው ነው። ታመው የነበሩትን የሐጂን ባለቤት ጤና እንኳ ጠይቋል። እኔው ለሐጂ ተረጎምኩላቸው፣ እሳቸውም ላኩ። አሥር ቀን ጠብቀን ዕቃው ሲዘገይ ስልክ ደወልን። ሕንዶቹ ገንዘብ እንዳልደረሳቸው፣ ሒሳብም እንዳልቀየሩ፣ ለእኛ የተዘጋጀውንም ኢንሱሊን ለሌላ አገር እንደሸጡት ነገሩን።

ሐጂ ያን ቀን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዋሉ። ገንዘቡ ከእሳቱ በኋላ ከወንድሞቻቸው ለምነው ያሰባሰቡት ነበር። ከዘመዶቻቸው አንዱ ፖሊስ ይዞ መጣ፤ ጥርጣሬውም መጋዘን ጠባቂው ሳማታር ላይ ወደቀ። ሳማታር ዓሥር ዓመት ሐጂን ያገለገለ ሰው ነው። ጥፋቱ፣ አንድ ጊዜ እኔ ሳልኖር ሱዳን የሚማር ልጁ የላከለትን ፎቶ በእኔ ኮምፒውተር ከፍቶ ማየቱ ነው። ይህንንም ሲጠየቅ ራሱ ነው የተናገረው። ይዘውት ሄዱ።

በማግሥቱ ሐጂ ካሂንን አስጠርተው ኮምፒውተሩን እንዲመረምር አደረጉ። ካሂን እየመረመረ በቀስታ፣ «አንድ ገጽ ፓስዎርድ ጠይቆሽ ጽፈሽለት ታውቂያለሽ?» አለኝ። ያ ረቡዕ ዐይኔ ላይ መጣ። ሐጂ አጠገቤ ቆመው ነበር። «አላውቅም» አልኩ።

አባባ፣ መጫኔን ማንም ሊሳሳተው የሚችል ስሕተት ነው ይሉኛል፤ ይሁን። ይህችን አንዲት ቃል ግን የተናገርኳት አውቄ ነው። የሰው አገር ነው፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፏል፣ እስር ቤት ቢያስገቡኝ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። ሳማታር የሚቆምለት ጎሳ አለው፣ ይፈታል አልኩ። የሳማታር ባለቤት በየጧቱ ለባሏ ቁርስ ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስታልፍ በቢሯችን በኩል ነው፤ ቆማ አዲስ ነገር አለ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። እኔም ኢንሻአላህ ይፈታል እያልኩ እሸኛታለሁ። ይህ ዘጠኝ ቀን ሆነ።

የባሰው ግን ቤቴ ነው የጠበቀኝ። ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር የምኖረው ኤዶ ዒዲል ግቢ ውስጥ ነው፤ ኤዶ እዚህ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። እሳቸውም እንደ እርስዎ ስኳር ነበረባቸው። ኢንሱሊናቸውን እኔ ነበርኩ ከሐጂ መጋዘን በቅናሽ የማመጣላቸው። የኛ ዕቃ ሲቀር በየፋርማሲው የነበረው ጥቂቱ ተወደደ። መቼ ነው የሚገባው ብለው ሲጠይቁኝ በሚቀጥለው ሳምንት አልኳቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት እንደዚያው አልኳቸው። ለካ እሳቸው ቃሌን አምነው ያለቻቸውን በግማሽ በግማሽ እየቀነሱ ይወጉ ነበር። አንድ ጧት ለሱብሒ ሶላት ሳይነሱ ቀሩ። ስገባ ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ ስጠራቸው አይሰሙም። በጎረቤት ፒክአፕ ሆስፒታል አደረስናቸው፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሐኪሙ እግራቸው ላይ የቆየ ቁስል ስለነበረ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም አለኝ። እኔ ግን ፍሪጁን ከፍቼ ያቺን ጠርሙስ አይቻታለሁ፤ የቀራት ከታች ጥቂት ነበር። ለማዳረስ ብለው በፕላስተር ቀን በቀን ምልክት አድርገውባታል።

ከቀብር ስመለስ ወደ ቤት አልሄድኩም። ቢሮ ገብቼ ለሐጂ ረቡዕ ዕለት ያደረግሁትንም፣ ለካሂን የመለስኩትንም ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «ገንዘቡን አላህ ይተካዋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግን የሳማታርን ወንበር ባዶ እያየሽ ሻይ ጠጣሽ» አሉኝ። በትራቸውን አንስተው በእግራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሳማታር በዚያው ቀን ተፈታ። እኔም ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሳማታርን ይቅርታ ልጠይቅ ቤቱ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እስክጨርስ ሰማኝ። «ስለ እኔ ይቅር ልልሽ እችላለሁ። ሚስቴን በየጧቱ ዐይኗን እያየሽ የሸኘሻትን ግን ራሷን ጠይቂያት» አለኝ። እሷ ከውስጥ ድምፄን ትሰማ ነበር፤ አልወጣችም። እስካሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሻሿን ስባ ታልፈኛለች። አልፈርድባትም።

ወሬው መንገዱን ሲያዳርስ ያ ማንም የማይፈልገው የካሂን ዕቃ ተፈላጊ ሆነ። የጎማ ነጋዴው፣ የሲሚንቶ አስመጪው፣ ክሊኒኮቹ፣ በበርበራ መስመር የጭነት መኪና ያላቸው ሁሉ ስልኩን አያሳርፉትም። መጀመሪያ ኢሜይላቸውን ይላሉ፤ ቀጥለው ዋትሳፑንም፤ አሁን ደግሞ ሠራተኛው የሚከፍተውን ድረ ገጽ ሁሉ። ካሂን ግን ደስ ብሎት አላየሁትም። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «መከላከያውን ከእኔ ይገዛሉ፣ ሠራተኞቻቸው ግን እንደ አንቺ ከደበቁ ምንም አይጠቅማቸውም። መጥተሽ ምን እንደሆነ ንገሪያቸው» አለኝ። ውርደቴን ልትሸጥ ነው ወይ ብዬ አባረርኩት። ከሳምንት በኋላ ራሴ ሄድኩ። ሥራ አጥቼ ስለነበር ነው፤ ለሌላ ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

ባለፈው ቅዳሜ ሠላሳ የሚሆኑ ነጋዴዎች ከጸሐፊዎቻቸው ጋር አንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኢሜይሉ ምን እንደሚመስል፣ አድራሻው ውስጥ የትኛው ፊደል እንደተቀየረ አሳየኋቸው። «አንድ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ሆነ» እያልኩ ነበር የምናገረው። ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ያቺ የተጫነችው ልጅ ምን ሆነች፣ ታሰረች ወይ ብላ ጠየቀች። ካሂን ወደ እኔ አየ፤ ልተውልሽ ወይ የሚል አስተያየት ነበር። «አልታሰረችም። የታሰረው ሌላ ሰው ነው። እሷ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ፤ አንዱ ሲያልፍ አስተግፊሩላህ አለ። የቀሩት እስክጨርስ ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ስወጣ ግን ኒቃብ የለበሰች አንዲት ጸሐፊ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝና እጄን ያዘች። ትናንት እሷም እንደዚያ ያለ ገጽ ላይ ፓስዎርድ እንደጻፈች፣ አለቃዋ ብርቱ ቁጡ ሰው እንደሆነ፣ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችኝ። ገንዘቡ የሚላከው ሰኞ ነው አለች። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። እስከ ቢሮው ድረስ እጇን አልለቀቀችም። በሩ ጋ ስንደርስ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ጮኸ፣ ጠረጴዛ መታ፤ ገንዘቡን ግን አልላከም፣ ልጅቷንም አላባረራትም።

አባባ፣ ያለው ይህ ነው። ቢቆጡኝ መብትዎ ነው። በዚህ ሥራ ልቀጥል ወይስ ልመለስ፣ የሚሉኝን አደርጋለሁ። ነገር ግን መርፌዎን እንዳይቀንሱ፣ ያለቀ ለታም ለእኔ እንዳይደብቁኝ አደራ። ለኤዶ ዒዲልም ዱዓ ያድርጉላቸው።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ በእርስዎ አንደበት ይንገሯት። ሰብሪናን በርቺ በሉልኝ። አሚር ስልኩ ላይ የሚመጣለትን ሁሉ እንዳይከፍት፤ እህትህ ናት ያለችህ በሉት። ጎረቤታችንን እማማ ወለተጊዮርጊስንም ሰላም በሉልኝ፤ ወሬውን ሰምተው ከሆነ እውነቱን እሳቸውም ይወቁት።

ልጅዎ ሀሲና ኸይሩ
ሐርጌሳ፣ ሼክ ኑር
ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.